አንድ ካሌንደር ለአራት ሰው፦ የሀዋሳዎቹ ክርክር

ጥያቄውን የጻፈችው ሀዋሳ ውስጥ ከወንድሟ ጋር ድንኳን፣ ወንበርና የሰርግ ዲኮር የምታከራይ ልጅ ናት። የከተማው ልጆች ስለ ስልክና ኮምፒውተር በሚጠያየቁበት መድረክ ላይ ነው የለጠፈችው። እዚያ አብዛኛው ጥያቄ ሁለት ሦስት መልስ አግኝቶ ይረሳል። የእሷ ግን 34 መልስ ደረሰ። ከቴክኖሎጂ ተነስቶ ሰርግ ገባ፣ ከሰርግ ጽዋ ማኅበር፣ ከማኅበር ባልና ሚስት። ላላነበባችሁት ልተርክላችሁ።

የልጅቷ ችግር ይህ ነው። ድሮ ቀጠሮ የሚያዘው በደብተር ነበር። አሁን ደንበኛ የሚቀበሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ወንድሟ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽላቸው ልጅ፣ እና ሚኒያፖሊስ ያለችው እህቷ። እህቷ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ለሰርግ የሚመጡትን ሰዎች እዚያው ሆና ታስይዛለች። ሁሉም ስልካቸው ላይ ካሌንደር መጠቀም ጀመሩ። ጀመሩ እንጂ አልተገናኙም። ቪዲዮ ቀራጩ የያዘውን ቀን ሌሎቹ አያዩትም። ወንድሟ ለእህቷ በኢሜይል የላከው የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ደግሞ እሷ ጋር ዓርብ ማታ ሆኖ ይታያል። በዚህ መሀል ለአንድ ቅዳሜ ከሁለት ሙሽሮች ቀብድ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጻፈችም፤ መገመት አያቅትም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። አራቱም የሚያዩትና የሚጽፉበት አንድ ካሌንደር እንዴት ይሠራል? ሰዓቱስ ለምን ይዛባል?

1ኛው መልስ ለመቅደም ብቻ የተጻፈ ነው። ካሌንደሩን ሼር እንዲያደርጉት መክሮ ሄደ። እንዴት እንደሚደረግ ግን አንድ ቃል የለውም። 2ኛው አቋራጭ አመጣ፤ አንድ ጂሜይል ከፍተው ፓስዎርዱን አራቱም እንዲይዙት። 3ኛው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁሉ ብልሁም እሱ ነው። ስልኮቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ፣ ቀጠሮ ሲመዘገብም የትኛው ካሌንደር ውስጥ እንደሚቀመጥ ጠየቀ። ሳምሰንግ ላይ ከስልኩ ጋር የሚመጣው ካሌንደር ቀጠሮውን ስልኩ ላይ ብቻ ሊያስቀምጠው ይችላል። እዚያ የተጻፈ ነገር ኢንተርኔት ላይ አይወጣም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲመዘገብ የጂሜይል አድራሻው ካልተመረጠ፣ የሚጋራ ነገር ከመጀመሪያውም የለም ማለት ነው።

4ኛው 2ኛውን አልማረውም። ፓስዎርድ ለአራት ሰው መስጠት በር ከፍቶ እንደ መተኛት መሆኑን በቁጣ አስረዳ። አንዱ ቀጠሮ ቢሰርዝ ማን እንደሰረዘ አይታወቅም። አዲስ ስልክ ላይ ሲገቡ የሚላከው ኮድ የሚደርሰው ለአንዱ ሰው ብቻ ነው። ካሌንደሩን ብቻ ሳይሆን ኢሜይሉንም፣ እዚያ የተቀመጠውን ፎቶና ፋይልም አራቱም ያገኙታል። ቪዲዮ ቀራጩ ነገ የራሱን ሥራ ቢከፍትስ? ቁም ነገሩ ትክክል ነው። ስድቡ ግን ትርፍ ነበር።

ከዚያ 5ኛው መጣ። ሰውየው ረጋ ያለ ነው፤ ቁጭ ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል። ልጅቷ ጎግል ካሌንደርን በኮምፒውተር ብሮውዘር እንድትከፍት ነገራት። በስሟ ያለውን ዋናውን ካሌንደር ሳትነካ፣ ለሥራው ብቻ አዲስ ካሌንደር ትፍጠር። አለበለዚያ የሐኪም ቀጠሮዋንም የልጅ ልደቱንም አብራ ታጋራለች። ከዚያ ሴቲንግ ገብታ የሦስቱን ኢሜይል ትጨምር። እዚህ ላይ አራት ዓይነት ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው ጊዜው የተያዘ ወይም ነፃ መሆኑን ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው ዝርዝሩን ያሳያል። ሦስተኛው መጻፍና ማስተካከል ያስችላል። አራተኛው ከዚህ ሁሉ በላይ ለሌላ ሰው የማጋራት ሥልጣን ይሰጣል። ለወንድምና ለእህት ሦስተኛው ይበቃል፤ አራተኛው ከእሷ እጅ ባይወጣ ይሻላል ባይ ነው። ለቪዲዮ ቀራጩ ግን ማየቱ ብቻ ይበቃል ወይስ ይጻፍ የሚለውን ለእነሱ ተወው። ተጋባዦቹ በኢሜይል የሚደርሳቸውን ሊንክ ካልከፈቱ ካሌንደሩ ዝርዝራቸው ውስጥ እንደማይገባም አስጠነቀቀ። ከገባ በኋላም ስልካቸው ላይ ከስሙ አጠገብ ያለው ሳጥን ምልክት ሊኖረው፣ ማመሳሰያውም (ሲንክ የሚባለው) ሊበራ ይገባል። ብዙ ሰው አልሠራም እያለ የሚማረረው እዚህ የመጨረሻ እርምጃ ላይ ቆሞ ነው።

6ኛው ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ቤት አለው። ይህንኑ ማጋሪያ ስልካቸው ላይ ፈልገው አጥተው የሚመጡ ሰዎች እንዳሉ ጽፎ የ5ኛውን ምክር ደገፈ። በዚያው የራሱን ቤት አስተዋወቀ። ማን ይጠላል!

7ኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸውም ድንኳን ሲያከራዩ ኖረዋል። ልጅቷን መርቀው ጀመሩና ደብተር ቻርጅ እንደማይፈልግ፣ ኔትወርክም እንደማይጠፋበት አስታወሱ። እሳቸው ጋር ቀጠሮ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ገጹን ልጃቸው ፎቶ አንስቶ ለሠራተኞቹ በቴሌግራም ይልካል። 8ኛው ጋሼ እያለ በአክብሮት መለሰላቸው፤ ደብተሩ ከሚኒያፖሊስ እንደማይታይና የማታው ፎቶ ቀን ላይ ለሚደውል ደንበኛ እንደማይደርስ ጠቆመ። እውነት ነው። ግን የእሳቸው ዘዴ አንድ ጥንካሬ አለው፤ የሚጽፈው አንድ እጅ ብቻ ነው። ቀብድ የተደራረበባቸው እነ ልጅቷ ናቸው እንጂ ጋሼ አይደሉም። 9ኛው ላይ 2ኛው ተመልሶ መጣ። ተሰድቤያለሁ ብሎ ተኮራርፎ ወጣ።

10ኛው መልስ የሰዓቱን ነገር ፈታ። የጻፈችው ሴት የጉዞ ትኬት ትሸጣለች፤ ሥራዋ ራሱ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ትቀድማለች፤ ዓመቱን ሙሉ አትለዋወጥም። ሚኒያፖሊስ ግን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ታዞራለች። ስለዚህ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት በእነሱ በጋ 8፣ በእነሱ ክረምት 9 ሰዓት ይሆናል። ይህን ካሌንደሩ ራሱ ያውቀዋል፤ ማንም መቁጠር የለበትም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ወንድምየው የጠዋት 3 ሰዓትን እንደምንናገረው 3 ብሎ ሞላው። ስልኩ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ የተረዳው በእኛ አነጋገር ሌሊት 9 ሰዓት ብሎ ነው። ይህ ሚኒያፖሊስ ሲደርስ በበጋቸው ዓርብ ማታ በእነሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ ያርፋል። እህትየዋ ያየችው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው በስልኩ አቆጣጠር የጠዋት 9፡00 ብሎ መሙላት ነበር። ትኬት ሻጯ ይህን ስታስረዳ ማንንም አልነቀፈችም። እንዲህ ተሳስተው አውሮፕላን ያመለጣቸው ሰዎች መኖራቸውን ብቻ ጠቀስ አደረገች።

11ኛው በዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ ርዕሱ ውስጥ ሰዓቱ በእኛ አነጋገር ይጻፍ፤ የሰርጉ ቦታና ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለው እዚያው ይታይ፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን 9፡00 ይሞላ። ሁለተኛው ይበልጥ ወደድኩት። ድንኳን የሚከራየው በሰዓት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው የሙሉ ቀን ተብሎ ይመዝገብ። የሙሉ ቀን ቀጠሮ በአገሮች የሰዓት ልዩነት አይንሸራተትም። ቅዳሜ ከሆነ ሀዋሳም ቅዳሜ ነው፣ ሚኒያፖሊስም ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ይህን አንድ መልስ ይዛ ብትወጣ ግማሹ ችግሯ ተፈትቶ ነበር።

ከ12 እስከ 15 ያሉት መልሶች ሰዓት ሲነሳ ሰርግ የሄዱ ናቸው። ጥሪው ላይ 6 ሰዓት ተብሎ ሙሽሮቹ 9 ሰዓት ስለሚደርሱበት ልማድ ተሳሳቁ። አንዱ ካሌንደሩ ለሰርግ ብቻ በራሱ ሦስት ሰዓት እንዲጨምር የሚያደርግ ነገር ይሠራ ብሎ ቀለደ። አንዷ ደግሞ ሙሽሮቹ ሐይቁ ዳር ፎቶ ሲነሱ አዳራሽ የሚጠብቀው ሰው በረሃብ እንደሚያልቅ አማረረች። 16ኛው ውጭ አገር ያለች ነርስ ናት፤ ዘመድ ሌሊት እየደወለ ስለሚቀሰቅሳት ጽፋ ሰዓት ሳያዩ የሚደውሉትን ሁሉ ወቀሰች። ጉዳዩ ካሌንደር አይደለም፤ ግን ብዙ የልብ ምልክት የተሰጠው ለእሷ ነው።

17ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ቤተሰቡ የያዘው አይፎን ቢሆንስ? የአፕል ካሌንደር ለጥቂት ሰው ሲጋራና ሲጻፍበት ሁሉም የአፕል አካውንት ሊኖራቸው ያስፈልጋል። ለሌላው ዓለም የሚሰጠው ሊንክ ማየት ብቻ ነው የሚያስችለው። አራቱ ሰዎች የተለያየ ስልክ ካላቸው የጋራው ካሌንደር ጎግል ላይ ይሁን፤ አይፎን የያዘው ሰው የጂሜይል አካውንቱን ስልኩ ላይ ይጨምር ወይም የጎግሉን መተግበሪያ ይጫን። በአይፎኑ በራሱ ካሌንደር ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰው ያጋራው ካሌንደር ካልመጣለት፣ ጎግል የትኞቹ እንዲመሳሰሉ የሚመረጥበት ለብቻው የሆነ ገጽ እንዳለው ጠቆመ። ይህን ገጽ የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያጠፋና ሲያበራ ይውላል።

18ኛው ቅሬታ ነው። የበዓላት ካሌንደር በፋይል አውርዶ አስገብቶ ነበር፤ በዓሉ ሲቀየር የእሱ ስልክ አልተቀየረም። ይህ ሲንክ የሚባል ነገር ውሸት ነው ብሎ ደመደመ። 19ኛው አጠር አድርጎ አረመው። ፋይል አስገባ ማለት የዚያን ቀን ቅጂ ወሰደ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያውቅም። በሊንክ ሲመዘገብ ግን ምንጩ ሲቀየር ይቀየራል። ያውም ወዲያው አይደለም፤ ጎግል ከውጭ የሚመጣ ሊንክን ደጋግሞ ስለማያይ ለውጡ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በኢሜይል ተጋብዘው የሚጋሩት የጎግል ካሌንደር ግን ቶሎ ነው። ሦስቱ መንገዶች ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የሰዎች ንትርክ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

20ኛው ሶፍትዌር ይሠራል። የተለያየ ኩባንያ ካሌንደሮች የሚግባቡት አይካሌንደር በሚባል የጋራ አጻጻፍ መሆኑን፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ1998 እንደወጣና በ2009 እንደታደሰ ተረከ። ጎግል ካሌንደር የመጣው በሁለቱ መካከል በ2006 ነው። በ2007 ደግሞ ስልክና ሰርቨር ቀጠሮ የሚለዋወጡበት ካልዳቭ የተባለ ደንብ ጸደቀ። ለልጅቷ ምን እንደሚጠቅማት ባይነግራትም ሰውየው ማውራት ይችላል፤ አንብቤ ጨረስኩት።

21ኛው ከድንኳን ወደ ጽዋ ማኅበር ወሰደን። ወር በገባ በ19 የገብርኤል ማኅበር አላቸው፤ ተራው የማን እንደሆነ በጋራ ካሌንደር ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። በየወሩ ተብሎ ሲመዘገብ ግን ቀኑ ይንሸራተታል። 22ኛው በየወሩ በ28 አድርጉት ብሎ ቸኮለ። 23ኛው ቁጥር ይዞ መጣ። የ2018 ታኅሣሥ 19 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ነው። ጥር 19 ግን ጃንዋሪ 27 ይሆናል፤ የካቲት 19 ፌብሩዋሪ 26፤ መጋቢት 19 ተመልሶ ማርች 28። የእነሱ ወር 28ም 30ም 31ም ይሆናል፤ የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ የሚለውን ትተው ድግግሞሹን በየ30 ቀኑ ማድረግ ነው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሳይዛነፍ ይሄዳል።

24ኛው ላይ የሶፍትዌሩ ሰው ተመልሶ ጳጉሜን አስታወሰ። ከነሐሴ 19 እስከ መስከረም 19 ያለው 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 36። ስለዚህ ድግግሞሹ ነሐሴ ላይ እንዲያልቅ ተደርጎ መስከረም ላይ እንደገና ይጀመር። ቀጥላ 6 የምትሆነው የ2019 ጳጉሜ መሆኗንም ነገራቸው። ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያ አይካሌንደር የተባለው የጋራ አጻጻፍ በሌሎች የዘመን አቆጣጠሮች የሚደጋገም ቀጠሮ እንዲመዘገብ የሚያስችል ተጨማሪ ደንብ ወጥቶለታል፤ ቁጥሩ አር.ኤፍ.ሲ 7529 ነው። በምሳሌነት ከቀረቡት አንዱ የእኛው 13ኛ ወር ነው። ደንቡ አለ፤ ግን የምንጠቀምባቸው መተግበሪያዎች ላይ መምረጫው አይታይም። እስኪመጣ በየ30 ቀኑ። እኔ ከ34ቱ ሁሉ ለዕቁቡም ለዕድሩም ለማኅበሩም የሚጠቅመው ይህ የ23 እና የ24 ጥንድ ነው ባይ ነኝ። የተሰጠው ልብ ግን ከነርሷ ሮሮ አይደርስም።

25ኛው በዓል ካነሳችሁ አይቀር ፍቼ ጨምበላላንም በየዓመቱ ብላችሁ መዝግቡት፤ ያን ሰሞን ጉዱማሌ አካባቢ ዕቃ ጭኖ ማለፍ አይቻልም ብሎ መከረ። 26ኛው ቆጣ አለ። የሲዳማ ልጅ ነው። የፍቼ ቀን በየዓመቱ አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው የሚያሳውቁት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓሉን ሲመዘግብ እንኳ ይህ እውቀት አብሮ እንደተነገረ፣ የሀዋሳ ሰው ሆኖ ይህን አለማወቅ እንደሚያሳፍር ጻፈ። 25ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጥሩ አደረገ። 27ኛው በለሆሳስ ገባና ፋሲካም በባሕረ ሐሳብ እንደሚወጣ፣ ዒድም በጨረቃ እንደሚወሰን፣ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሲታወጅ በእጅ መሙላት እንደሚሻል ተናገረ። ታኅሣሥ 19 ግን የትም አይሄድም። ያን ቀን መሀል ከተማ ገብርኤል ዙሪያ መኪና የሚያስገባ መንገድ እንደማይኖር ለልጅቷ አስታወሳት።

28ኛው ነው ውይይቱን ያበላሸው፤ ወይም ያሞቀው። ሚስቱ ካሌንደሩን እንዲያጋራት ጠይቃዋለች። ይህን ክትትል ብሎታል፤ ወንድ ልጅ የት እንዳለ በየሰዓቱ አይጠየቅም ባይ ነው። 29ኛዋ ቀስ ብላ አልመለሰችም። የልጆቹን ክትባት፣ የትምህርት ቤቱን ስብሰባ፣ የአማቷን የሐኪም ቀጠሮ፣ የዕድሩን ቀን ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ይዛ የምትዞረው ሚስቱ መሆኗን ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ፈተነችው። 30ኛው ከባልየው ጎን ቆሞ ጸያፍ ነገር ጻፈ፤ አሁን የለም፣ ተሰርዟል። 31ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው። ጉዳዩ ካሌንደር መሆኑን አስታውሶ አንዱን አሰናበተ። የሚገርመው፣ መልሱ 5ኛው ላይ ተጽፎ ነበር። ባልየው ዝርዝሩን ሳያሳይ ጊዜው የተያዘ መሆኑን ብቻ ማጋራት ይችላል። ለልጆቹ ደግሞ ሁለቱም የሚጽፉበት ሌላ ካሌንደር ይከፈታል። 29ኛዋ ላነሳችው ጥያቄ ግን እስካሁን የመለሰ የለም።

32ኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያውቀው አንድ ሱቅ ደንበኞች ክፍት ቀን እንዲያዩ ብሎ ካሌንደሩን ለሕዝብ ክፍት አደረገው። የደንበኞች ስም፣ ስልክና የቀሩ ክፍያዎች ሁሉ አብረው ታዩ። ለሕዝብ የተከፈተ ካሌንደር በጎግል ፍለጋ ሊገኝ ይችላል። ክፍት ቀን ማሳየት የፈለገ የተያዘ ወይም ነፃ የሚለውን ብቻ ይምረጥ፤ ስልክ ቁጥርም ርዕስ ውስጥ አይጻፍ።

33ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ቪዲዮ ቀራጩ ስልክ ላይ ቀጠሮዎቹ በእርግጥም ስልኩ ላይ ብቻ ተቀምጠው ተገኙ፤ 3ኛው ልክ ነበር። አዲስ ካሌንደር ከፍታ ለወንድሟና ለእህቷ የመጻፍ ፈቃድ ሰጠች፤ ቀራጩ ለጊዜው ማየት ብቻ ነው፣ ቀን ሲይዝ ለእሷ ይደውላል። ሁሉንም ቀጠሮ የሙሉ ቀን አድርጋዋለች። ጋሼንም ለይታ አመሰገነች፤ የሚጽፈውን እጅ መቀነሱ ከእሳቸው የተወሰደ ነው። በመጨረሻ የተሰረዘ ቀጠሮ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀች። ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልንገራት፤ የተሰረዘው ለ30 ቀን ያህል ቅርጫት ውስጥ ይቆያል። የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው በኮምፒውተር ገብቶ ይመልሰዋል።

34ኛው፣ ለጊዜው የመጨረሻው፣ ቢሮ ውስጥ አውትሉክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢሜይልና የካሌንደር ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ነው። የቤተሰቡን የጎግል ካሌንደር ከቢሮው ቀጠሮ ጋር ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል። ይቻላል። የጎግሉ ሴቲንግ ውስጥ በአይካል (በአጭሩ አይካሌንደር ነው) ቅርጽ የተቀመጠ ሚስጥራዊ አድራሻ አለ። እሱን ገልብጦ አውትሉክ ላይ ከኢንተርኔት ካሌንደር ጨምር የሚለው ቦታ ይለጥፈው። ማየት እንጂ መጻፍ አይችልበትም፤ ለውጡም ዘግይቶ ይደርሳል። አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ዝርዝሩን ስለሚያይ ለማንም አይላክ፤ ካመለጠ ግን እዚያው ሴቲንግ ላይ በአዲስ ይቀየራል። ቢሮው ከውጭ የሚመጣ ካሌንደር ከዘጋ ደግሞ የአይቲ ክፍሉን መጠየቅ ነው።